ያልሸጥኩትን ባጃጅ የገዛችው ልጅ

ጦርነቱ ከከተማችን ከወጣ ዓመት ገደማ ሲሆነው የገጠመኝ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ በስልክ የሚያጭበረብሩ ሰዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዱ ብድግ ብሎ «ብልጦች ናቸው እኮ» ስለሚል ነው። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኔ በስሜ ሲነግድ የከረመ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኛል፤ ድምፁንም ሰምቼዋለሁ። ብልጠት አላየሁበትም። እንዲያውም ሌባ ለመባል የሚበቃ አይመስለኝም። ሌባ ቢያንስ አጥር ይዘላል፣ ውሻ ይፈራል፣ ከተያዘም ዱላውን ይቀምሳል። ይሄኛው ፍራሹ ላይ ተጋድሞ በአውራ ጣቱ የሚሰርቅ ነው።

ሰይድ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ ባጃጅ እነዳለሁ። ከመናኸሪያው ወደ ገበያ፣ ከገበያው ወደ ሐይቁ ዳር ሰው ሳመላልስ እውላለሁ። ባጃጁ የራሴ ነው፤ እናቴንና ሁለት እህቶቼን የማስተዳድረው በእሱ ነው።

ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ የከተማው ሰው ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ተሰደደ። ቤንዚን ጠፍቶ ስለነበር ባጃጄን ይዤ መሄድ አልቻልኩም። ታንከሩ ውስጥ የቀረችው ጭላጭ የምታደርሰኝ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በአምባሰል በኩል እስካለው የጋሼ ደምሴ መንደር ብቻ ነበር።

ጋሼ ደምሴ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ ሙስሊም ነን፤ በልጅነቴ ግን ዒዱም ፋሲካውም በሁለታችን ቤት ይከበር ስለነበር ልዩነቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ከብት ሲሸጥ ዋስ የሚሆኑ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ አገር ገበያ ከብት የሚሸጥ ሰው «ሻጩን አውቀዋለሁ፣ ከብቱም የራሱ ነው» የሚልለት ዋስ ይዞ ነው የሚመጣው። እስከ ውጫሌ ገበያ ድረስ ጋሼ ደምሴ ዋስ ከሆኑ ሌላ ጥያቄ የሚያነሳ የለም።

በዚያ ቀን «ሰዉ ይሂድ፤ እኔ በስተርጅና የትም አልሄድም። ንብረትህን እዚህ ተወውና እናትህን አሽሽ» አሉኝ። ጎማዎቹን ፈታን፣ ባትሪውን ጎተራ ውስጥ ከተትን፣ የቀረውን ከጭድ ክምር ሥር ቀበርነው። ተመልሼ ስመጣ ቤቴ ባዶውን ጠበቀኝ፤ የበሩን መዝጊያ ሳይቀር ወስደውታል። ባጃጄ ግን ጭዱ ውስጥ እንደተኛ ነበር። አይጥ ወንበሩን ከመብላቷ በቀር ምንም አልሆነም።

የዚያን ቀን ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ጋሼ ደምሴን አንድ እጃቸውን ጣራው ላይ ጣል አድርገው፣ ጭድ ትከሻቸው ላይ እንደተበተነ ፎቶ አነሳኋቸው። ኔትዎርክ ሲመለስ ያንን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ስሜንም፣ ከተማዬንም፣ የጋሼ ደምሴን ስምና መንደርም፣ እንዴት አድርገው እንደደበቁልኝም አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ። ታርጋው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ፎቶ አንሺው ስለሆንኩ ምስሉ ላይ የለሁም፤ ገጼ ላይም ያለው የሐይቁ ፎቶ እንጂ የእኔ መልክ አይደለም። «አልሐምዱሊላህ»፣ «ተመስገን» የሚለው አስተያየት ሲጎርፍ ደጋግሜ እያነበብኩ ሰነበትኩ። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ መልካም ምኞት መካከል አንዱ ሰው ፎቶውን የሚያየው ለሌላ ጉዳይ ነበር።

ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ተራ እየጠበቅሁ ነበር። ትልቅ ሻንጣ የያዘች ልጅ ሌሎቹን ባጃጆች አልፋ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። አላናገረችኝም። ዙሪያውን ዞረች፣ መብራቱን በመሐረብ ጠረገች፣ ጎንበስ ብላ ታርጋውን አነበበች። ከዚያ ከሻንጣዋ ውስጥ ቢጫ ዘርፍ ያለው አረንጓዴ መጋረጃ አውጥታ በበሩ ላይ ትለካ ጀመር።

መጋረጃ ሻጭ መሰለችኝ። «እህቴ፣ መጋረጃ አልፈልግም» አልኳት።

«ላንተ ማን አመጣልህ?» አለችኝ ዓይኗን ከመጋረጃው ሳታነሳ። «ሹፌሩ ነህ? ሒሳብህን ከሰይድ ጋር ጨርስ። ባጃጁን ገዝቼዋለሁ።»

«ሰይድ እኔ ነኝ» አልኳት።

ሳቀች። «ሰይድማ አዲስ አበባ ነው። ጠዋት አነጋግሬዋለሁ።»

ተራ የሚጠብቁት ሹፌሮች በሳቅ ፈረሱ። «ሰይድ፣ መቼ አዲስ አበባ ሄድክ?» አለ አንዱ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የልጅቷ እርጋታ አስደነገጠኝ። የምትቀልድ ሰው መጋረጃ አሰፍታ አትመጣም።

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። የቴሌግራም የሽያጭ ግሩፕ ላይ የእኔ ፎቶ አለ። ጋሼ ደምሴ እጃቸውን ጣራው ላይ ጣል አድርገው፣ ጭዱ ትከሻቸው ላይ ተበትኖ። ከሥሩ «ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ በአስቸኳይ የሚሸጥ» ይላል። ሻጩ ሰይድ ይባላል፤ ገጹ ላይ ያለው የእኔው የሐይቅ ፎቶ ነው። ስልክ ቁጥሩ ግን የእኔ አይደለም።

«ቀብድ ከፍለሻል?» አልኳት።

«በባንክ አስገብቼለታለሁ። የቀረውን ዛሬ ስረከብ እልካለሁ ተባብለናል።»

ደውይለትና ድምፁን ከፍ አድርጊው አልኳት። ደወለች፤ ወዲያው አነሳ። የዚያን ሰው ድምፅ ስገልጸው ሰው ይገርመዋል፤ ለስላሳ ነበር። «ዘሀራዬ፣ ደረስሽ? እኔማ ላገኝሽ ነበር ሐሳቤ፤ ምን ላድርግ፣ እናቴ ታማብኝ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ይዣት መጣሁ። ወላሂ ዛሬ ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው። የቀረውን ቶሎ ብትልኪልኝ እሷንም ታተርፊልኛለሽ» አለ።

እናቴ በዚያ ሰዓት እዚያው ሐይቅ ገበያ ውስጥ ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር እየተከራከረች ነበር። ይህ ወራዳ እናቴን ኦፕራሲዮን አልጋ ላይ አስተኝቶ ይለምንባታል። እኔን ሆኖ ሲምል ደግሞ ምንም አይከብደውም።

ስልኩን ተቀበልኳት። «ሰይድ፣ እንደምን ዋልክ? እኔም ሰይድ ነኝ። የባጃጁ ሰይድ» አልኩት።

ይዘጋዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልዘጋውም። «ዘሀራ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «ይሄ ሹፌሬ ነው። መሸጤን ሰምቶ ንብረቴን ሊቀማኝ ፈልጎ ነው። ጠንቀቅ በይ። ባጃጁን እንዳይነዳው ያዢና ፖሊስ ጥሪ።» ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ልጅቷ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። የባጃጁን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። ሰው ተሰበሰበ። ተወልጄ ያደግሁበት ከተማ መሐል ቆሜ ሰይድ መሆኔን አስረዳ ጀመር። መታወቂያዬን አሳየኋት፣ ሊብሬውን አሳየኋት።

«ፎርጅድ በየቦታው አይደል እንዴ የሚሠራው?» አለች። «ወረቀት አላምንም። ሹፌሮቹም ጓደኞችህ ናቸው። እኔ የማምነው ዋሴን ነው።»

«ዋስሽ ደግሞ ማነው?»

«ጋሼ ደምሴ።»

እሳቸው እዚህ ውስጥ እንዴት እንደገቡ ሊገባኝ አልቻለም። ስልካቸውን ብሞክር ዝግ ነው። «ግቢ፣ እሳቸው ዘንድ እንሂድ» አልኳት። ሻንጣዋን አቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ በመስታወቱ ሳያት ዓይኗን ከማጅራቴ አላነሳችም።

እየሄድን ነው ነገሩን ቀስ በቀስ የነገረችኝ። የውጫሌ ልጅ ናት። ጦርነቱ ሲሆን ሳውዲ ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር፤ ስልክ ተቋርጦ ወላጆቿ ይኑሩ ይሙቱ ሳታውቅ የሰው ልጆች ስታሳድግ ከርማለች። ስትመለስ «ከእንግዲህ የሰው ቤት አልጠርግም» ብላ ምላ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ያጠራቀመችው በሙሉ ለዚህ ባጃጅ ነው። ቀብዱ ብቻውን የብዙ ጊዜ ድካሟ ነበር።

ደግሞም ዝም ብላ አልላከችም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ብዙ ሰው «እንዴት ሳታጣራ ትልካለች?» እያለ ሲያላግጥባት ሰምቻለሁና። ፎቶው ላይ ጋሼ ደምሴን ስታይ አወቀቻቸው፤ የአባቷን የመሬት ክርክር የጨረሱት እሳቸው ናቸው። ከውጫሌ ተነስታ ቤታቸው ድረስ ሄደች። ፎቶውን አሳይታ ባለቤቱን ያውቁት እንደሆነ ጠየቀች። የማን ልጅ ነው፣ ሰው እንዴት ነው፣ ዕዳ አለበት ወይ፣ ባጃጁስ የራሱ ነው ወይ፤ አንድ ያላነሳችው የለም። ዘሬን እስከ አያቴ አጣርታለች። አባቴ ይበደል እንደሁ እንጂ ሰው እንደማይበድል ሳይቀር ተነግሯታል። ያላጣራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምታናግርበት ስልክ ቁጥር የዚያ ሰው መሆን አለመሆኑን። ለእሷም ለጋሼ ደምሴም ስልክ ቁጥር ምንም ማለት አይደለም። ትልቁ ነገር ሰውየው ነው።

ጋሼ ደምሴ አጥር ሲያጥሩ ደረስን። ሁለታችንን አይተው እንደ ወትሮው ብድግ ብለው አላቀፉኝም። «እንዲያው መሰናበቻ እንኳ ልታሳየኝ አመጣኸው?» አሉ፤ በእጃቸው ያለውን እሾህ አላስቀመጡም።

«ጋሼ፣ አልሸጥኩም» አልኳቸው።

«እንዴት አልሸጥክም? ይቺ ልጅ መጥታ ዋስ ሁኑኝ አለችኝ እኮ።»

«ታዲያ ምን አሏት?»

«ምን እላለሁ? ለሰይድማ ዋስ ካልሆንኩ ለማን ልሆን ነው? ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ አልኳት።»

ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። ዘሀራ አጠገቤ ቆማ አንድ በአንድ ስትሰማ ፊቷ ገረጣ። ሰይድ እኔ መሆኔን ከእሳቸው አፍ ሰማች፤ ገንዘቧ የት እንደገባ ደግሞ ሳይነገራት ገባት። አላለቀሰችም። ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ ላዩ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ስልኬ አለዎት እኮ። ልትሸጥ ነው ወይ ብለው አንዴ ቢደውሉልኝ ምን ነበር?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ምነው ባላልኩት።

እሾሁን አስቀመጡት። «ጭዴ ውስጥ ያከረምኩትን ሳትነግረኝ ለምን ሸጥከው ብዬ ልጠይቅህ? ውለታ የምቆጥር እንዳይመስልህ ፈራሁ። መምጣትም አቁመህ ነበር፤ አፍሮ ነው የቀረው አልኩ።»

እውነታቸውን ነው፤ ቤቴን መልሼ ስሠራ ጊዜ አጥቼ ከሄድኩ ቆይቼ ነበር። ያ ሰውዬ ይህን ሁሉ አያውቅም። ይሉኝታ ምን እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ሰው በሆነ ነበር። ግን በእኛ ይሉኝታ ውስጥ ዘው ብሎ ገብቶ የልጅቷን ላብ ይዞ ወጣ። የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። ጦርነት አልፎ፣ ያ ሁሉ ዘረፋ አልፎ፣ የተረፈን ነገር ቢኖር ሰው በሰው መተማመኑ ነው። መጥቶ የለቀመው ያንኑ ነው።

ጋሼ ደምሴ ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ ዋስ ነኝ ብያለሁ» አሉ። «የሻጩን መልክ አላየሁም፣ ድምፁን አልሰማሁም፤ ግዢ ያልኳት ግን እኔ ነኝ። ዕዳው በእኔ ላይ ነው።» ይህን ብለው በረት ውስጥ ወደቆመችው ጊደራቸው አዩ።

«ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ» አለች ዘሀራ። እሳቸው ግን ወደ አጥራቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ከዘሀራ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አመለከትን። ስልክ ቁጥሩ የወጣው ስለ ነገሩ ምንም በማታውቅ አንዲት ባልቴት ስም ነው ተባለ። ገንዘቡ በገባ በሰዓታት ውስጥ ተነስቷል። የዘሀራን ስም መዘገቡ፣ የእኔንም ቃል ተቀበሉ፤ እስከ ዛሬ እንደተመዘገበ ነው።

መናኸሪያው ላይ ደግሞ ሁሉም አዋቂ ሆኖ ጠበቀን። «ሳያዩ ቀብድ አይላክም»፣ «አስቸኳይ የሚል ሻጭ ሌባ ነው»፣ «ቪዲዮ ደውልና ፊትህን አሳየኝ ማለት ነበረባት።» የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ገንዘቡን ስትልክ ግን የት ነበሩ? ከመካከላቸው አንዱ፣ ሽልማት ደርሶሃል ያለውን ሰው አምኖ በመልእክት የመጣለትን የሚስጥር ቁጥር ራሱ አንብቦ ሰጥቶ ቴሌግራሙን የተነጠቀ ነው። እሱ ነው እንግዲህ ስለ ጥንቃቄ የሚያስተምራት። ሌላው ደግሞ ያችን ቃል ወረወራት፤ «ሰውየው ግን ብልጥ ነው።» የዚያን ዕለት ከሰው ጋር ልጣላ ምንም አልቀረኝም።

በሚቀጥለው የውጫሌ ገበያ ቀን የጋሼ ደምሴ ባለቤት እትዬ የሺ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ጊደሯን ይዞ በጠዋት ወጥቷል። አልሰማ አለኝ። ድረስበት» አሉኝ። ያቺ ጊደር በጦርነቱ ጊዜ እንደ ባጃጄ ተደብቃ የተረፈች ናት። ቤታቸው ውስጥ ሌላ የሚታለብ ነገር የለም፤ ወተት ሊቀምሱ የሚችሉት እሷ ስትወልድ ነው። ለዘሀራ ደወልኩና እኔም በሚኒባስ ገሰገስኩ።

ከብት ተራው ስደርስ ዘሀራ ቀድማኝ ደርሳለች። ጋሼ ደምሴ ገመዱን ይዘው ቆመዋል፤ አንድ ነጋዴ የጊደሯን ጥርስ አይቶ፣ ጀርባዋን ዳብሶ ዋጋ ሰጥቷል። «ዋስዎ ማነው ብዬ እርስዎን አልጠይቅም» እያለ ይስቃል። ሊጨባበጡ እጅ ሲዘረጉ ዘሀራ መሐላቸው ገባች።

«ጋሼ፣ ይቺ ጊደር ለእኔ ካሳ ናት አይደል?» አለቻቸው።

«አዎ፣ ልጄ። ዋጋዋ ያንቺ ነው።»

«ዋጋዋን አልፈልግም። እሷኑ እፈልጋለሁ። ይስጡኝ።»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ቢሆንም ቃላቸው ስለሆነ ገመዱን ሰጧት። ነጋዴው ተቆጥቶ ሊናገር ሲል በእጃቸው ዝም አሰኙት። ዘሀራ ገመዱን ተቀብላ ጊደሯን ግንባሯ ላይ ዳበሰቻት።

«እንግዲህ ካሳዬን ተቀብያለሁ፤ ዋስነትዎ ወርዷል። ሰው ይስማልኝ» አለች ዙሪያዋን ለቆሙት። ቀጥላም ገመዱን መልሳ ዘረጋችላቸው። «አሁን ደግሞ እኔ የከብት ባለቤት ነኝ፤ ማርቢያ ቦታ ግን የለኝም። ለእርስዎ ርቢ ሰጥቻለሁ። ያርቡልኝ።»

ርቢ በእኛ አገር የታወቀ ነው። ባለ ከብቱ ከብቱን ሌላ ሰው ዘንድ ያኖራል፤ የሚያረባው ሰው ይጠብቃል፣ ያበላል፣ ወተቱን ይጠጣል፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ነውር የለበትም፣ ምጽዋትም አይደለም። ጋሼ ደምሴ ስንት የተጣላ ሰው በርቢ አስታርቀዋል፤ የዚያን ዕለት ተራው ለእሳቸው ደረሰ። ገመዱን ለረጅም ጊዜ ሳይቀበሏት ቆዩ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ማነው ያሳደገሽ አንቺ ልጅ?» አሉ። ገመዱን ተቀበሏት።

እኔ እዚያ ቆሜ ሳይ ቆሽቴ አረረ። ያ ውዳቂ ይህን አያይም። ለእሱ ዘሀራ አንድ ቁጥር ናት፤ ጋሼ ደምሴ ደግሞ ፎቶ ማድመቂያ ሽማግሌ ናቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች እሱ ያደረሰውን ጉዳት አንዱ ካንዱ ላይ ለማንሳት ሲሻሙ ቢያይ እንኳ የሚገባው አይመስለኝም። «ሞኞች» ብሎ የሚያልፍ ነው።

ወደ ሐይቅ ስመለስ ሳስብበት መጣሁ። ባጃጁን ልሰጣት አልችልም፤ እናቴ አለች፣ እህቶቼ አሉ። ግን ባጃጁ የእኔ ቢሆንም ከሰዓት በኋላውን ቤቴን ለመሥራት ላውለው እችላለሁ፤ ግድግዳው ገና አላለቀም። ለዘሀራ ደውዬ «ከሰዓት በኋላ ያለውን አንቺ ንጂው። ገቢው ያንቺ ነው። ቤንዚኑን ብቻ ሞልተሽ መልሺልኝ» አልኳት።

«ምጽዋት ነው?» አለችኝ።

«ርቢ ነው» አልኳት። ሳቀች፤ ስትስቅ የሰማኋት ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ገና ያኔ ነው።

ሐይቅ አክስት ስለነበረቻት እሷ ዘንድ ሆና ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ ያደረገችው ያንን መጋረጃ መስቀል ነበር። በሐቁ ለእኔ አይመቸኝም፤ ነፋስ ዘርፉን ሲያወናጭፈው ጆሮዬን ይመታኛል። ግን አላወረድኩትም። አንዳንድ ወንዶች ሴት ከነዳችው አንሳፈርም ብለው ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ተሳፈሩ።

እንዲህ እያለን ብዙ ጊዜ አለፈ። አንድ ቀን ዘሀራ ባጃጁን ልታስረክበኝ መጥታ ከሣቅ ብዛት መናገር አቅቷት ስልኳን ሰጠችኝ። አንድ የማታውቀው ቁጥር ጽፎላታል። የጻፈው ሰው ስሙ አሁን ሰይድ አይደለም፤ ሌላ ስም አውጥቷል፤ የመርሳ ሰው ነኝ ይላል። «እህቴ፣ ባጃጅ ትፈልጊ እንደሆነ ልጠይቅሽ ነው፤ በአስቸኳይ የሚሸጥ አለኝ» ብሎ ፎቶ ልኳል። ጋሼ ደምሴ እጃቸውን ጣራው ላይ ጣል አድርገው፣ ጭዱ ትከሻቸው ላይ ተበትኖ።

የሰረቃትን ሰው እንኳ አያስታውስም። ሰው እንዲህ ሰነፍ ይሆናል? አዲስ ፎቶ መፈለግ እንኳ ከብዶታል። ብልጥ የሚሉት እንግዲህ ይህን ነው።

ዘሀራ በዚያው ቀን ጋሼ ደምሴን ከገበያ ወደ መንደራቸው አድርሳ ነበር። ራሷ መሪው ላይ ተቀምጣ፣ እሳቸው ከኋላ የጥጃ መኖ ታቅፈው፣ አረንጓዴው መጋረጃ ከላይ ተንጠልጥሎ አንድ ፎቶ ተነስተዋል። ጊደሯ ወልዳ ነበርና መኖው የጥጃዋ ነው። ያንን ፎቶ ላከችለት። ምንም አልጻፈችም።

ያፍራል ብዬ ነበር። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ይሄም ይሸጣል እንዴ? ዋጋው ስንት ነው?» ይላል።

ስልኩን ነጥቄ የመጣልኝን ስድብ ሁሉ ልጽፍለት ነበር። ከለከለችኝ። ጥቂት አሰበችና እንዲህ ብላ ጻፈችለት፤ «አንተ ከፈለግክ ዋስ ይዘህ ና።»

አነበበው። መልስ ሊጽፍ እየጀመረ ሲተው፣ እየጀመረ ሲተው በስልኩ ላይ ይታየን ነበር። በመጨረሻ ቁጥሯን ዘጋው።

አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ንዴቱ በርዶልኛል፤ ንቀቱ ግን አልለቀቀኝም። እኔም ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ሰው በስልክ ዕቃ ልሽጥልህ ሲለኝ ዕቃውን በእጄ ሳልነካ፣ ሻጩን ፊት ለፊት ሳላይ ቀብድ አልከፍልም፤ ጋሼ ደምሴም የአገሩ ሰው ሁሉ ስለ እኔ ቢጠይቃቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ለእኔ መደወል ነው፤ ባይጠየቁም ይደውላሉ። ያ ሰውዬ ግን ዛሬም የሆነ ቦታ ተጋድሞ ሌላ ስም እያወጣ ይሆናል። በስንት ሰው ስም እንደሚኖር እግዜር ይወቅ። ከዚያ ሁሉ ስም መካከል ግን የራሱን ይዞ ገበያ ቢወጣ፣ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ብሎ አጠገቡ የሚቆምለት አንድ ሰው የለውም።